አንድ ፍሬ ጀንፈል በቀኝ ሳንባዬ

የሰው ጉሮሮ ውስጥ ሁለት ቧንቧ አለ። አንዱ የእህል ነው፤ አንዱ የአየር። ጎን ለጎን ናቸው፤ መግቢያቸውም አንድ ነው። በሩ ላይ የቆመችው ዘበኛ ደግሞ ጣት የማታክል ቁራጭ ሥጋ ናት፤ ስንውጥ የአየሩን ቧንቧ ትከድናለች፣ ስንተነፍስ ትከፍታለች። ይህን የማውቀው ሐኪም ስለሆንኩ አይደለም። ጅማ ከተማ አምስተኛ ክፍል ሳይንስ ሳስተምር፣ ሰባት ዓመት ሙሉ እሷኑ በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስል ስለኖርኩ ነው። በየዓመቱ «ልጆች፣ እህል አፋችሁ ውስጥ ይዛችሁ አታውሩ፣ አትሳቁ፣ አትሩጡ» እያልኩ እመክራለሁ። ልጆቹም በየዓመቱ የበቆሎ ቆሎ አፋቸው ውስጥ ይዘው ያዳምጡኛል። አንዳቸውም ምንም ሆነው አያውቁም። የሆንኩት እኔ ነኝ።

ፈጣሪን መተቸቴ አይደለም። ግን እንደ እኔ እንደ እኔ፣ እነዚያን ሁለት ቧንቧዎች ትንሽ ራቅ ራቅ ቢያደርጋቸው ምን ነበረበት? አንገት እንደሆነ ቦታ አላጣም። በተለይ የእኔ አንገት ረጅም ነው፤ ተማሪዎቼ ስም አውጥተውለታል፣ ስሙን ግን እዚህ አልጽፈውም።

ነገሩ የተጀመረው በበቅሎ ነው።

ጎረቤታችን አባ ፊጣ ይባላሉ። መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ የእሳቸውንና የእኔን ግቢ የሚለየው አንድ የግራዋ አጥር ነው፤ እሱም ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሆነ ዶሮውም፣ ፍሙም፣ ወሬውም በነጻ ያልፍበታል። አባ ፊጣ ስድሳን የተሻገሩ፣ ዕድሜያቸውን በቡና ማሳ ያሳለፉ ሽማግሌ ናቸው። በዚህ ዓለም ላይ ከሰው ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ባለቤታቸውን አዴ ዘሃራን ሲሆን፣ ከአዴ ዘሃራ ጥቂት ከፍ አድርገው ደግሞ በቅሏቸውን ይወዳሉ። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ አዴ ዘሃራ ናቸው።

ያቺ በቅሎ ጠፋች። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ጠፋች። አባ ፊጣ ሰቶ ሰመሮን አካለሉ፣ አጋሮ ድረስ ሰው ላኩ፣ በመጨረሻም ቀበሌ አመለከቱ። ዘመኑ ደርግ ነው፤ የጠፋ ሁሉ ጫካ ገባ የሚባልበት ጊዜ ነበር። ቀበሌውም «በቅሎዋ ከመጥፋቷ በፊት ያሳየችው የተለየ ጠባይ ነበር ወይ?» ብሎ ጠየቃቸው። አባ ፊጣ ትንሽ አስበው «ዝምታ አብዝታ ነበር» ብለው መለሱ፤ ተጻፈባት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት በቅሎዋ ወፍራ መጣችና የዘገየነው እኛ ይመስል በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። አባ ፊጣ አለቀሱ። አዴ ዘሃራ «እኔ እናቴ ጋ ወር ቆይቼ ስመለስ እንዲህ አላለቀሱም» አሉ። ቢሉም ተነሥተው ቡና ቀላ መሥራት ጀመሩ።

ለማያውቅ ልንገር። ቡና ቀላ የሚበላ ቡና ነው። ጀንፈሉ፣ ማለትም የደረቀው ቡና ከነገለባው፣ ጫፍ ጫፉ ይነከስና በቅቤ ይጠበሳል። ቀላ ማለት የታረደ ማለት ነው፤ ሌላው አገር ለደስታው በግ ሲያርድ በዚህ አገር ቡና ይታረዳል። ቅቤው በጣቶች መካከል እየወረደ፣ አንድ አንድ ፍሬ እያነሱ መኮርሸም ነው። የቅቤውን ነገር ልብ በሉልኝ፤ የቅቤ ጠባይ ማንሸራተት ነው።

ከባዱ አበላሉ አይደለም፤ ምርቃቱ ነው። አባ ፊጣ ሲመርቁ ዝናብ እንኳ ቆሞ የሚያዳምጣቸው ይመስለኛል። እንግዳው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ በየሐረጉ «አሚን» ይላል። በዚያ ቀን መጀመሪያ በቅሎዋን መረቁ፤ ቀጥሎ አራቱን እግሯን በየተራ መረቁ። አሚን። ለቡናው አበባ፣ ለአበባው ዝናብ። አሚን። ለመንግሥትም ልቡን ያራራለት። (እዚህ ላይ አሚኑ ዝግ ያለ ነበር።) ከዚያ ዝም አሉ።

እኔ አለቀ ብዬ እፍኝ ሙሉ አነሣሁና አፌን ሞላሁት። ለካ ምራቃቸውን ሊውጡ ኖሯል! ውጠው ሲጨርሱ ቀና አሉና፣

«ለጎረቤታችን ለባርሲሳ!» አሉ። ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ ሌላ ስም ያለኝም አይመስላቸውም። «ረቢ ረጅም ዕድሜ ይስጠው!»

ቤት የሞላው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እስቲ ፍረዱ፤ ሰው ረጅም ዕድሜ ተመርቆለት ዝም ካለ ምን ይባላል? ዕድሜ አልፈልግም ማለት አይደለም? ከሁሉ ጮክ ብዬ ልመልስ አየር ሳብኩ። ሰባት ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት በአንድ ትንፋሽ ተረሳኝ። «አ» ወጣ፤ «ሚን» የሚለው ውስጥ ቀረ።

ትን አለኝ።

ትንታ ብዙ ጊዜ ይዞኝ ያውቃል፤ ውኃ ነበር፣ በርበሬ ነበር፣ አልፏል። የዚያን ቀኑ ግን ሌላ ነው። በቅቤ የራሰች አንዲት ጀንፈል ያችን ዘበኛ አልፋ፣ ቁልቁል ሸርተት ስትል በእውነት ተሰምታኛለች። ዓይኔ ወጣ። ፊቴ ጠቆረ አሉ፤ እኔ አላየሁትም። «ማል ተኤ? ምን ሆነ?» አለ አንዱ። «ቢሻን! ውኃ ስጡት!» አለ ሌላው። ጀርባዬን የማይመታኝ አልነበረም፤ ከመካከላቸው አንዱ ስለ ሌላ ነገር ቂም የያዘብኝ ሳይሆን አይቀርም። ስስል፣ ስስል፣ ስስል ቆየሁና በመጨረሻ አየር ገባልኝ።

«አልሐምዱሊላሂ፣ አለፈ» አሉ አባ ፊጣ።

ሁሉም ተቀመጠ፤ የተለመደው ጥያቄም መጣ። ሰው ትን ሲለው አንድ ቦታ ስሙን ያነሣ ሰው አለ ይባላልና «ማን አነሣህ?» ተባልኩ። በሰላሙ ጊዜ ደስ የሚል ጥያቄ ነው፤ «እናቴ ትሆናለች» ብሎ ማለፍ ነው። በዚያ ዘመን ግን የሰውን ስም የት ነው የሚያነሱት? ስብሰባ ላይ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ቀስ ብሎ ዞር አለና ሌላ ቦታ ፈልጎ ተቀመጠ።

ቤቴ ገብቼ ጋደም አልኩ። ባለቤቴ አስካለ ትባላለች። ቃል የምታወጣው እንደ ቀበሌ ስኳር ነው፣ በልክ። ትንሽ አዳመጠችና፣

«ምንድን ነው የሚያፏጨው?» አለች።

«የቱ?»

«አንተ።»

እውነቷን ነው። ትንፋሽ ስስብ ከደረቴ «ፊው» የሚል ቀጭን ድምፅ ይወጣል፤ ሳስወጣ ደግሞ «ጲ»። ይነጋል ይሻለዋል ተባለ፤ ነጋ፣ አልተሻለም። የኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ ስቆም ከፊቴ ያሉት ሰዎች ፉጨቱን ሰምተው የአብዮት ጥበቃ መጣ ብለው ተበተኑ። ስኳር ቶሎ ያገኘሁት በዕድሜዬ ያኔ ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ የባሰ ሆነ። የስፖርት መምህሩ ሜዳ ላይ ልጆች ያሰልፋል፤ የእኔ ክፍል መስኮት ወደ ሜዳው ነው። እኔ ስተነፍስ ልጆቹ ይቆማሉ፣ እንደገና ስተነፍስ ይሮጣሉ። ምስኪኑ የስፖርት መምህር ጠዋቱን ሙሉ ልጆቹ ትእዛዝ እምቢ አሉኝ እያለ ሲያለቅስ ዋለ።

በሦስተኛው ቀን ነገሩ በአጥሩ ቀዳዳ አለፈና ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ጀንፈሏ ደረቴ ውስጥ መሆኗ ላይ ሁሉም ተስማማ። ያልተስማሙት ትበቅላለች ወይስ አትበቅልም በሚለው ላይ ነው።

«የተጠበሰ ቡና አይበቅልም» አሉ አባ ፊጣ ሊያጽናኑኝ። ቀጥለው ግን አንገታቸውን አቀርቅረው፣ «በደንብ ከተጠበሰ ማለቴ ነው» አሉ።

አዴ ዘሃራ ብድግ አሉ። «ምን ማለትዎ ነው? አልበሰለም ነው?»

«እኔ አልወጣኝም፤ የዚያን ቀን እሳቱ ደከም ያለ ነበር ነው ያልኩት።»

«አርባ ዓመት ከእጄ በልተው! ዛሬ ጥሬ አበላች ሊሉኝ ነው?» ወደ እኔ ዞሩ። «ባርሲሳ፣ አንተ ፍረድ። በስሏል አልበሰለም?»

«ፊው» አልኩ። ሁለቱም «ለእኔ ፈረደ» ብለው ተረጋጉ።

አንድ ከጎማ ወረዳ የመጡ የቡና ገበሬ ደግሞ ነገሩን በሙያቸው አዩት። ቡና ጥላ ይወዳል፣ ደረት ውስጥ ጥላ አለ። እርጥበት ይወዳል፣ እሱም አለ። ከዚያ በግራ እጃቸው ደረቴን መታ መታ አደረጉና «ብትበቅልም ለፍሬ ሦስት አራት ዓመት ትፈልጋለች፤ እስከዚያ መላ አይጠፋም» አሉኝ። እኔ አዋቂው፣ እኔ የሳይንስ መምህሩ፣ እንደማይሆን አሳምሬ የማውቀው ሰውዬ፣ በማግሥቱ ጠዋት መስተዋት ፊት ቆሜ አፌን ከፍቼ ቅጠል ስፈልግ አስካለ ያዘችኝ።

መፍትሔውን ያመጡት አባ ፊጣ ናቸው። «ጥፋቱ የጀመረው በእኔ ምርቃት ነው» ብለው እንቅልፍ አጥተው ነበር። «በቅሎዋ ላይ በሆዱ ይጋደም» አሉ። «ጭንቅላቱ ወደ ታች ይሁን። ዳገቱን ሶምሶማ ትውሰደው። ጀንፈሏ ራሷ ትወጣለች።» ሐሳቡ ከሳይንስ ጋር ፈጽሞ የማይጣላ መሆኑን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ፤ የወደቀ ነገር በወደቀበት ይወጣል። ተስማማሁ።

በበቅሎዋ ጀርባ ላይ እንደ ስልቻ ተጣልኩ። የጅሬንን ዳገት ተያያዝነው፤ አባ ፊጣ ልጓም ይዘው፣ እኔ መሬቱን እያየሁ፣ ደረቴ በየእርምጃው «ፊው ጲ፣ ፊው ጲ» እያለ። በቅሎዋ ፉጨት ሰምታ አታውቅም መሰለኝ፤ ወይም በጣም ታውቅ ይሆናል። ግማሽ መንገድ ላይ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ልጓሙን መነጨቀችና ጋለበች። ከኋላዬ የአባ ፊጣ «ያ ረቢ!» የሚል ጩኸት እየራቀ ሄደ። እያየሁ የምሄደው ድንጋይና የሰው እግር ብቻ ነበር። ጅሬንን በጀርባ በኩል አለፍን፤ ዞረን ወረድን፤ ሰቶ ሰመሮ ውስጥ አንድ የማላውቀው ግቢ ገብታ ቆመች።

አንዲት ወይዘሮ ከጓዳ ወጡና መጀመሪያ ያዩት በቅሎዋን ነው። «መጣሽ የኔ እናት!» አሉ፤ አሞሌ ጨውም ይዘው ቀረቡ። ቀጥለው እኔን አዩ። ያ አሥራ አንድ ቀን የት እንዳለፈ ታወቀ። በቅሎዋ ጨውዋን ላሰች፤ እኔ የበላሁትን ቁርስ ሁሉ እዚያው አስረከብኩ። ሁሉም ወጣ፤ ከጀንፈሏ በቀር። አባ ፊጣ እያለከለኩ ሲደርሱ እኔን ሳያዩ በቅሎዋን «ለጨው ብለሽ ነው?» እያሉ ይወቅሷት ጀመር። እስካሁንም የጎዳቸው መሄዷ ይሁን በጨው መታለሏ አላውቅም።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነበር። በሰባተኛው ቀን ግን ትኩሳት ያዘኝ። ቀኝ ጎኔን ወጋኝ፤ ምግብ አስጠላኝ። አስካለ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ ከአንድ ወዳጅ የሶሻሊስት አገር የመጣ ነጭ ሰው ነው፤ አማርኛው እንደ ቴሌግራም ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነው። ደረቴን አዳመጠ፣ ራጅ አነሣኝ፣ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አቅንቶ ረጅም ጊዜ አየው።

«ቡና፣ ጥሩ» አለኝ። «ሳንባ፣ ጥሩ። ቡና ሳንባ ውስጥ፣ ጥሩ አይደለም።»

የቀረውን ነርሷ ነገረችን። በቀኝ ሳንባዬ በታችኛው በኩል አየር መግባት አቁሟል። ፍሬዋ እዚያው ከቆየች ታብጣለች፣ ትበሰብሳለች፣ ሳንባውም መግል ይቋጥራል። የሚያወጣት በጉሮሮ የሚገባ መሣሪያ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ቶሎ መሄድ ያስፈልጋል።

«ካልወጣችስ?» አለች አስካለ።

ነርሷ ሐኪሙን አየች። ሐኪሙ መስኮቱን አየ። እኔ ያኔ ፈራሁ። ለአንዲት ፍሬ፣ ለአንድ አሚን ብዬ ልሞት ነው ብዬ በእውነት ፈራሁ። አስካለ ቤት ገብታ ልብሴን ስታዘጋጅ ነጩን ሸሚዜን ሁለት ጊዜ አጥፋ ሁለት ጊዜ ስትፈታው አየኋት። ማልቀሷን እንዳላይባት ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር፤ እኔም እንዳላየሁ ሆኜ ተኛሁ።

ሐኪሙ የመላኪያ ደብዳቤ ጻፈልን። ተተርጉሞ፣ በታይፕ ተመቶ፣ ክብ ማኅተም አርፎበት በእጄ ተሰጠኝ። እንዲህ ይላል፦ «በሽተኛው በቀኝ ሳንባው ውስጥ አንድ (1) ፍሬ ቡና ይዞ ስለሚገኝ አስፈላጊው እርዳታ እንዲደረግለት።» ከዚህ የበለጠ ግልጽ ደብዳቤ አይቼ አላውቅም። ችግሩም ግልጽነቱ ነበር።

በዚያ ጊዜ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ያለ ፈቃድ ቡና ይዞ ማለፍ ክልክል መሆኑን ለወጣቶች ላስታውስ። ቡና የመንግሥት ነው። መንገዱ ላይ ኬላ አለ፤ ቡና የተገኘበት ይታሰራል፤ የታሰረ ደግሞ መቼ እንደሚፈታ አሳሪውም አያውቅ። ሰው ግን ቡናውን ይወዳልና ትራስ ውስጥ፣ የልጅ አንቀልባ ውስጥ፣ ዳቦ ውስጥ ሳይቀር ይደብቃል። በሳንባ ያሳለፈ ግን አልተሰማም።

በማግሥቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ አውቶቡስ ተሳፈርን። ሰኮሩን እንዳለፍን ኬላው ጋ ቆምን፤ «ሁላችሁም ውረዱ!» ተባለ። ፈታሹ ቀጭን፣ ካኪ የለበሰ፣ በእጁ ሹል ብረት የያዘ ሰው ነበር። ከፊታችን የነበሩ አንዲት አሮጊት ድፎ ዳቦ ይዘዋል፤ ሦስት ቦታ ወጋው። «ልጄ፣ ይበቃዋል፤ ሞቷል እኮ» አሉት። አልሳቀም። ከዚያ እኔ ጋ መጣ።

«ቡና ይዘሃል?»

መምህር ነኝ፤ ውሸት ሲከብደኝ ይኖራል። ትኩሳቱም አለብኝ። «አንድ ፍሬ» አልኩት።

አስካለ በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ፤ ዘግይታ ነበር።

«የት አለ?»

«ሳንባዬ ውስጥ።»

ደረቴ «ፊው» አለ። ደብዳቤውን ሰጠሁት። አንድ ጊዜ አነበበው፣ ወደ ጥላው ሄዶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሁለተኛ አነበበው፣ ለሦስተኛ ጊዜ በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ማኅተሙን ወደ ፀሐይ አቅንቶ አየ።

«ደብዳቤው ትክክል ነው» አለ። «ፈቃዱስ?»

«የምን ፈቃድ?»

«የቡናው። ጓድ መምህር፣ እዚህ ላይ ቡና መያዝህ በማኅተም ተረጋግጧል። መመሪያው ደግሞ ማንኛውም ቡና ነው የሚለው። ሳንባ ውስጥ ያለን አይመለከትም የሚል አላየሁበትም።»

«አንድ ፍሬ እኮ ናት!»

«ዛሬ አንድ ናት። ነገ ሁሉም በሳንባው ልጫን ቢል ምን ልመልስ ነው?»

ከልቡ ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ደንብ አክባሪ ነበር፤ ከክፉ ጋር ድርድር ይቻላል። የመገናኛ ሬዲዮውን አንሥቶ አለቃውን ጠራ። ነገሩን ቢያስረዳም ሬዲዮው ይንጫጫል፤ አለቃውም የሰሙት ግማሹን ነው።

«የታጠበ ነው ያልታጠበ?» አለ የሬዲዮው ድምፅ።

ፈታሹ ወደ እኔ ዞረ። «ጀንፈል ናት» አልኩ። «ከነገለባዋ። ትንሽ ቅቤ አለባት።»

«ጀንፈል ነው ጓድ!»

«ጀንፈልማ ሳይፈለፈል አያልፍም! ይፈልፈል!»

ፈታሹ ሬዲዮውን አስቀመጠ። «ይፈልፈል ተብሏል» አለኝ።

«በምን?»

እሱም አሰበበት። ከአውቶቡሱ የወረደው ሰው ሁሉ ከቦን ያስባል። ሹፌሩ «ጊቤን በጊዜ ካልተሻገርን ጎማዬ በሙቀት ያልቃል» ይላል፤ አሮጊቷ «ልጁ ትኩሳት አለበት፣ እስቲ ዳስሱት» ይላሉ። በመጨረሻ ፈታሹ ፍርዱን ሰጠ። ተሳፋሪው ይሂድ፤ እኔና ቡናው እንቆይ። አለቃው ሰኞ ይመጣሉ፤ ራሳቸው አይተው ይወስናሉ።

ሰኞ! አራት ቀን። ነርሷ ቶሎ ያለችውን አስታወስኩ። ያኔ አስካለ ከጎኔ ወጥታ ፈታሹ ፊት ቆመች።

«ጌታዬ» አለችው። «ይሄ ሰው ሞኝ ነው። ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፣ አውቀዋለሁ። ኮንትሮባንድ የሚነግድበት ጭንቅላት የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ ሲጠይቁት አንድ ፍሬ አይልም ነበር። ሰኞ ድረስ ከቆየ ግን ይሞትብኛል። እኔ ሌላ የለኝም።»

ስምንት ዓመት ያጠራቀመችውን ቃል ሁሉ እዚያ ኬላ ላይ አወጣችው። ፈታሹ ዓይኑን ሰበረ፤ ሆኖም «መመሪያ ነው እህቴ» አለ።

እኔ በመንግሥት ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም። በማንም ላይ ጮኼ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን እሷ ስትለምን ሳይ ደሜ ፈላ። ልጮኽበት፣ የሆድ የሆዴን ልነግረው፣ በስምንት ቀን ውስጥ ስቤ የማላውቀውን ትልቅ አየር ሳብኩ። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ተነቃነቀ። ጩኸቱ ሳል ሆኖ ወጣ። ጎነበስኩ፣ ሳልኩ፣ ጠረጴዛውን ይዤ ሳልኩ፣ ምድር ጨለመብኝ፤ አንድ ጊዜ ከእግር ጥፍሬ የመጣ የሚመስል ሳል ሳልኩና «ጠብ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ጀንፈሏ የሐኪሙ ደብዳቤ ላይ ተቀምጣለች። አብጣ፣ ጠቁራ፣ በቅቤዋ እያበራች።

ተነፈስኩ። ፉጨት የለም። ደግሜ ተነፈስኩ፤ አየሩ እስከ ታች ወረደ። አየር እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ! ሰዉ አጨበጨበ፤ አሮጊቷ እልል አሉ። ከሁሉ ደስ ያለው ግን ፈታሹ ነው።

«ይኸው!» አለ። «አሁን ነገሩ ቀለለ። ቅድም በሽተኛ ነበርክ፣ ተቸግሬ ነበር። አሁን ግን ደህና ነህ፤ ቡናውም በእጅ ተይዟል። ተራ ኮንትሮባንድ ሆነ!» ፊቱን አዙሮ ከጥላው ወዲያ የተቀመጠውን ጠመንጃ ያዥ ጠራ። «ና፣ እሰረው! ኤግዚቢቱን የምናሽግበት ፖስታም ይዘህ ና!»

ፊቱን ያዞረው ለአፍታ ነው። አስካለ እጇን ዘረጋች። ጀንፈሏን በሁለት ጣቷ አነሣች፣ አፏ ውስጥ ከተተች። ሹፌሩ ያን ጊዜ ጥሩምባውን ለምን እንደነፋ እግዜር ይወቅ፤ ረጅም አድርጎ ነፋው።

ፈታሹ ሲዞር ደብዳቤው ላይ የቅቤ ነጠብጣብ ብቻ ነበር።

«የት ሄደ?»

«ምኑ?» አሉ አሮጊቷ።

«ቡናው!»

«የምን ቡና?» አለ የአውቶቡሱ ሰው በአንድ ድምፅ። በየሳምንቱ በውይይት ክበብ በአንድ ድምፅ መናገር ሲለማመድ የከረመ ሕዝብ ነው፤ ጥሩ ሠልጥኗል።

ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ ፈለገ። ኪሴን ፈተሸ። ጆሮውን ደረቴ ላይ ለጥፎ አዳመጠ፤ ጸጥታ ነው። ከዚያ አስካለን ትኩር ብሎ አያት።

«አፍሽን ክፈቺ።»

ከፈተች። ምላሷን አነሣችለት፤ ግራና ቀኝ አሳየችው። ምንም የለም። ሬዲዮው ተንጫጫና «ከምን ደረሳችሁ? ተፈለፈለ?» አለ።

«ጓድ… የለም» አለ ፈታሹ።

«ምኑ ነው የሌለው?»

«ቡናው።»

«ቡና ከሌለ ታዲያ ለምን ትጠራኛለህ!»

ፈታሹ ደብዳቤውን አንሥቶ ሰጠኝ፤ በእጁም «ሂዱ፣ ሂዱ» የሚል ምልክት አሳየን። ደክሞት ነበር፤ አሳዘነኝም። ለማንኛውም ሳንባዬ ይታይ ብለን ከሰዉ ጋር ተሳፈርን፤ አሮጊቷ የተወጋውን ዳቦ ቆርሰው ለሁሉም አደሉ።

አውቶቡሱ ወደ ጊቤ ቁልቁል ሲወርድ በመስኮቱ የሚገባውን አየር እየጠጣሁ ነበር። ሰው ለሰው ሲል ብዙ ነገር ያደርጋል፤ ይህን ያህል ግን የተደረገለት ሌላ ሰው አላውቅም።

«አስካለ» አልኳት። «ያቺ ነገር እኮ ስምንት ቀን ሙሉ ሳንባዬ ውስጥ የኖረች ናት።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እንዴት ዋጥሻት?»

አፏ ዳቦ ነበረበት። ቀስ ብላ ጨረሰች፣ ዋጠች፣ አፏን ጠረገች።

«አኝኬ ነዋ» አለችኝ። «እንዳንተ ልተንፍሳት ኖሯል?»